ልጅን የአልጀብራ የቤት ሥራ ማገዝ፦ አልጀብራን ለረሳ ወይም ላልተማረ ወላጅ

በአገራችን ትምህርት ቤቶች ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ የሂሳብ ደብተር መልኩን ይቀይራል፤ ቁጥር በበዛበት ቦታ ፊደል በብዛት ይገባል። እስከዚያ ድረስ በመደመርና በማባዛት ጎበዝ የነበረ ልጅ አንድ ማታ ደብተሩን ይዞ መጥቶ «እማዬ፣ ይኼ ፊደል እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ወላጅ ይደነግጣል። አንዳንዱ ትምህርቱን ተምሮ ረስቶታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ዕድሉን ጨርሶ አላገኘም። በእነዚህ ክፍሎች ሂሳብ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ወላጆች በር ላይ እየጠበቁ ደጋግመው የነገሩኝ «እኔ ስለማልችለው ላግዘው አልቻልኩም» የሚል ነበር፤ ይህ መመሪያም ለእነርሱ የተጻፈ ነው።

በልበ ሙሉነት የምናገረው አንድ ነገር አለ። ከሂሳብ ትምህርቶች ሁሉ ትምህርቱን የማያውቅ ወላጅ በሚገባ ሊያግዝበት የሚችለው አልጀብራ ነው። ምክንያቱም የእኩልታ ጥያቄ፣ ማለትም የእኩል ምልክት (=) ያለበትና ያልታወቀ ቁጥር የሚፈለግበት ጥያቄ፣ ምስክሩን ይዞ ይመጣል፤ ልጁ ያገኘውን መልስ ጥያቄው ውስጥ መልሶ ቢያስገባው ልክ መሆኑንም ስሕተት መሆኑንም ጥያቄው ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ከወላጅ የሚፈለገው መልሱን ማወቅ ሳይሆን መደመርና ማባዛት መቻል፣ ትዕግሥት፣ እንዲሁም በትክክለኛው ጊዜ የሚጠየቁ ጥቂት ጥያቄዎች ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ ያልታወቀውን ቁጥር «ቀ» ብዬ እጽፈዋለሁ። በልጅዎ ደብተር ላይ ኤክስ ወይም ዋይ የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ ያገኙታል፤ ሥራው አንድ ነው።

ከመቀመጥዎ በፊት

ልጁ መክሰሱን በልቶ ጥቂት ካረፈ በኋላ ይጀምሩ። በጠረጴዛው ላይ አንድ እርሳስ ብቻ ይኑር፤ እርሱም በልጁ እጅ ይሁን። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ወላጅ እርሳስ በያዘ ቁጥር ሳያስበው መጻፍ ይጀምራል፤ ልጁም ማሰቡን ትቶ ተመልካች ይሆናል፤ በማግስቱ ክፍል ውስጥ የሚታየው ደብተር በወላጅ ጭንቅላት የተሠራ ይሆናል።

«እኔም በልጅነቴ ሂሳብ አይገባኝም ነበር፤ ከእኔ ወርሶት ነው» የሚለውን ንግግር እባክዎ ልጁ ፊት አይናገሩት። ለማጽናናት የተባለ ቢሆንም ልጁ የሚሰማው ጥረቱ ዋጋ እንደሌለው ነው። ከዚያ ይልቅ «እኔ ይህን ረስቼዋለሁ፤ አንተ አስረዳኝና አብረን እንየው» ቢሉት እውነቱንም ተናግረዋል፣ ልጁንም አስተማሪ አድርገውታል።

አንደኛ፦ ከጥያቄው በፊት የመምህሩን ምሳሌ ይክፈቱ

የቤት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ መምህሩ በዚያው ቀን ወይም በዋዜማው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከሠራው ምሳሌ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ወደ ጥያቄ ቁጥር 1 ከመሮጥ በፊት ምሳሌውን ከደብተሩ ያስወጡት። ልጁ ጥያቄውን ብቻ እንዲያይ አሠራሩን በወረቀት ይሸፍኑትና «እስቲ ይህን ራስህ ሥራው» ይበሉት። ከሠራው የቤት ሥራውንም የመሥራት አቅም አለው ማለት ነው። ካልሠራው ደግሞ ሽፋኑን አንድ መስመር ብቻ ዝቅ አድርገው «መምህሩ ከዚህ መስመር ወደዚህ መስመር ሲሄድ ምን አደረገ? ለምን?» ብለው ይጠይቁት፤ ከዚያም ቀጣዩን መስመር ራሱ ይሞክረው። ምሳሌውን ሳይጽፍ መጥቶ ከሆነ መማሪያ መጽሐፉን ይጠቀሙ ወይም የክፍል ጓደኛው ቤት ይደውሉ።

ሁለተኛ፦ ትእዛዙ ምን እንደሚል ይለዩ

አብዛኞቹ የአልጀብራ ጥያቄዎች በሁለት ትእዛዞች ይጀምራሉ፤ እነዚህን መደባለቅ የብዙ ልጆች ችግር ነው። አንዱ «አቃልል» የሚለው ሲሆን በእንግሊዝኛ በሚማሩበት ክፍል «ሲምፕሊፋይ» ይባላል፤ በአጭሩ ጻፍ ማለት ነው። ሁለተኛው «ፍታ» ወይም «ሶልቭ» የሚለው ነው፤ ያልታወቀውን ቁጥር ፈልግ ማለት ነው። 3ቀ + 2 + 4ቀ ተብሎ የተጻፈ ነገር (3ቀ ማለት 3 ጊዜ ቀ ነው) የእኩል ምልክት ስለሌለው ይቃለላል እንጂ አይፈታም፤ መጨረሻው 7ቀ + 2 ነው፤ እዚያ ላይ ይቆማል። ልጆች ግን መልስ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር መሆን አለበት ብለው ስለሚያምኑ 7ቀ + 2 ላይ ማቆም አይዋጥላቸውም፤ ወይ 9ቀ ብለው ይደምሩታል፣ ወይ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ «= 0» ጨምረውበት «ቀ»ን ፍለጋ ይሄዳሉ። የእኩል ምልክት አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ ይህን ሁሉ ይከላከላል።

ሂሳብ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ፣ በአንዳንድ ቦታዎች ከዚያም ቀድሞ፣ በእንግሊዝኛ እንደሚሰጥ ያስታውሱ። ለልጁ ከባድ የሆነበት አልጀብራው ሳይሆን የጥያቄው ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው፤ ከዚያም ደብተሩን ከድኖ ምን እንደተጠየቀ በራሱ አማርኛ ይንገርዎት። መናገር ካልቻለ ወደ ሥራው አይግቡ፤ ችግሩ የተገኘው እዚያው ነው።

ሦስተኛ፦ የእኩል ምልክትን ይፈትሹ

ይህን ደረጃ እንዳይዘሉት አጥብቄ እለምናለሁ። ባዶ ወረቀት ላይ የሚከተለውን ይጻፍ፦

8 + 4 = ___ + 5

ባዶው ቦታ ላይ ምን ይግባ? እጅግ ብዙ ልጆች 12 ብለው ይጽፋሉ፤ አንዳንዶቹም 17። ትክክለኛው መልስ 7 ነው። 12 ብሎ የሚጽፍ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የእኩል ምልክትን ያየው ከመልስ በፊት የሚደረግ ምልክት ሆኖ ስለሆነ «አሁን ሥራና መልሱን ጻፍ» የሚል ትእዛዝ አድርጎ ወስዶታል። ይህ አስተሳሰብ እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ብዙም ሳያስቸግረው አብሮት ይኖራል፤ አልጀብራ ላይ ሲደርስ ግን መንገዱን ሁሉ ይዘጋበታል፤ ምክንያቱም አልጀብራ በሙሉ የቆመው በእኩል ምልክት ግራና ቀኝ ያሉት ነገሮች አንድ ያህል ናቸው በሚለው ሐሳብ ላይ ነው።

ምልክቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1557 በመጽሐፉ ያስተዋወቀው የዌልስ ተወላጁ ሮበርት ሬኮርድ ነበር። ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው ከእነርሱ የበለጠ እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች የሉም በሚል ምክንያት ነው። ይህን ታሪክ ለልጆች ስነግራቸው ምልክቱን በአዲስ ዓይን ሲመለከቱት አይቻለሁ።

ለማስተካከል የገበያውን ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ያስታውሱት። በአንዱ ሳህን በርበሬው፣ በሌላው የብረት መመዘኛው ይቀመጣል፤ ነጋዴዋ ከአንዱ ወገን ብታነሣና ከሌላው ባታነሣ ሚዛኑ ያጋድላል። ልጁ 12 ብሎ ከጻፈ «በግራ ሳህን ስንት አለ? በቀኝ ሳህን 12 እና 5 ካለ ሚዛኑ ወዴት ያጋድላል?» ብለው ይጠይቁት። ከዚያ እንደ 15 − 6 = ___ + 2 እና 20 = ___ × 4 ያሉ አራት ወይም አምስት ጥያቄዎች ያሠሩት። ለዚህ አንድ ሙሉ ማታ ቢያልፍ እንኳ አይቆጭዎ።

በዚሁ አጋጣሚ በደብተሩ ውስጥ 5 + 3 = 8 × 2 = 16 የሚመስል አጻጻፍ ካዩ ያስቁሙት። 5 + 3 ከ16 ጋር እኩል አይደለም። እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ መስመር ይኑረው።

አራተኛ፦ ፊደሉ ቁጥር መሆኑን ያረጋግጡ

«ቀ 4 ቢሆን 3ቀ ስንት ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ። 34 የሚል መልስ ከሰሙ አይሳቁ፤ ልጁ ፊደሉን አንሥቶ በቦታው 4ን አስቀምጧል፤ በቁጥሩና በፊደሉ መካከል የማባዛት ምልክት ተደብቆ እንዳለ ግን ማንም አልነገረውም ወይም ሲነገረው አላስተዋለም። 3ቀ ማለት 3 × ቀ ነው፤ ስለዚህ 12 ይሆናል።

ሁለተኛው ስሕተት ረቂቅ ነው፤ የሚመነጨውም ከአዋቂዎች ነው። «5ብ ማለት 5 ብርቱካን ነው» እያልን ማስረዳት ይቀለናል። ነገር ግን ፊደሉ የነገር ስም ማሳጠሪያ አይደለም። ብ ሊሆን የሚችለው የአንድ ብርቱካን ዋጋ ወይም የብርቱካኖቹ ብዛት ነው፤ ሁልጊዜ ቁጥር ነው። ይህ ልዩነት ወደ ቃል ጥያቄዎች ስንደርስ ዋጋ ያስከፍላል።

ፊደሉን ለማላመድ የማውቀው ጥሩ ዘዴ ጨዋታ ነው። «አንድ ቁጥር አሰብኩ፤ በ3 አባዛሁት፤ 5 ጨመርኩበት፤ 20 ሆነ። ስንት ነው ያሰብኩት?» ይበሉት። አብዛኞቹ ልጆች 5 ነው ብለው ይመልሳሉ። «እንዴት አወቅህ?» ሲሉት «ከ20 ላይ 5 ቀነስኩ፤ ከዚያ ለ3 አካፈልኩ» ይላል። ያን ጊዜ 3ቀ + 5 = 20 ብሎ እንዲጽፈው ያድርጉና አሁን የሠራው ነገር አልጀብራ እንደሚባል ይንገሩት። ብዙ ልጅ ፊቱ የሚበራው በዚህ ቅጽበት ነው።

አምስተኛ፦ እኩልታውን መስመር በመስመር መፍታት

ያንኑ 3ቀ + 5 = 20 እንውሰድ። በሚዛኑ ግራ ሳህን ላይ እኩል ክብደት ያላቸው ሦስት የታሰሩ ከረጢቶችና አምስት ባለ 1 ኪሎ መመዘኛዎች አሉ፤ በቀኙ 20 ኪሎ አለ። ከረጢቶቹን ብቻቸውን ለማስቀረት ከግራ 5 ኪሎ እናነሣለን፤ ሚዛኑ እንዳያጋድል ከቀኝም 5 ኪሎ እናነሣለን። 3ቀ = 15 ይቀራል። ሦስት ከረጢት 15 ኪሎ ከመዘነ አንዱ 5 ኪሎ ነው። በደብተር ላይ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

3ቀ + 5 = 20
3ቀ + 5 − 5 = 20 − 5
3ቀ = 15
3ቀ ÷ 3 = 15 ÷ 3
ቀ = 5

የእኩል ምልክቶቹ አንዱ ከአንዱ በታች በቀጥታ ይሰለፉ።

ብዙዎቻችን ስንማር «አሻግረህ ምልክቱን ቀይር» ተብለን ነው ያደግነው። ለለመደ ሰው ፈጣን ዘዴ ነው፤ ለጀማሪ ግን አልመክረውም። ምክንያቱን በዓይኔ ያየሁት በብዙ ደብተር ላይ ነው። 3ቀ = 15 ላይ የደረሰ ልጅ 3ን «አሻግሮ ምልክቱን ይቀይርና» ቀ = 15 − 3 ብሎ 12 ይጽፋል። ሕጉን አክብሯል፤ ግን የ3 ሥራ መደመር ሳይሆን ማባዛት መሆኑን ሕጉ አልነገረውም። «ከሁለቱም ወገን እኩል አድርግ» የሚለው አነጋገር ቢረዝምም እንዲህ ያለ ወጥመድ የለበትም። የልጁ መምህር የማሻገሩን ዘዴ የሚጠቀሙ ከሆነ ግን መምህሩ ተሳስተዋል አይበሉት፤ ልጁ ቁጥሩን ባሻገረ ቁጥር «ከሁለቱም ወገን ምን አደረግህ?» ብለው መጠየቅ ይበቃል።

አልጀብራ የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ አሠራር የመጣ ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በባግዳድ ይሠራ የነበረው ሊቅ አል ኸዋሪዝሚ በጻፈው የሂሳብ መጽሐፍ ርእስ ላይ «አል ጀብር» የሚል የአረብኛ ቃል ነበረ፤ ትርጉሙም የጎደለን መመለስ፣ የተሰበረን ወደ ቦታው ማድረግ ነው። የተሰበረ አጥንት መጠገንም በዚሁ ቃል ይጠራል። የእኛ ወጌሻ የወለቀውን ወደ ቦታው እንደሚመልስ ማለት ነው።

ስድስተኛ፦ ቅንፍና ኔጌቲቭ

ከልምዴ እንደማውቀው ማታ ማታ እንባ የሚያስከትለው ይህ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እገባበታለሁ።

በመጀመሪያ ቅንፍ። 4(ቀ + 3) ቅንፉ ሲነሣ 4ቀ + 12 ነው። የተለመደው ስሕተት 4ቀ + 3 ብሎ መጻፍ ነው፤ 4 የሚያባዛው አጠገቡ ያለውን ብቻ ይመስላቸዋል። በቁጥር ያሳዩት፤ 4 × 23 ስንት ነው? 23 ማለት 20 + 3 ነውና 4 × 20 = 80፣ 4 × 3 = 12፣ ድምሩ 92። 3ን ሳያባዛ ቢተወው 83 ያገኝ ነበር። ልጁ ይህን ከሦስተኛ ወይም ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ሲሠራ ኖሯል፤ አዲስ የሆነበት ፊደሉ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ኔጌቲቭ፣ ማለትም ከዜሮ በታች የሆነና የመቀነስ ምልክት የሚቀድመው ቁጥር (ከዜሮ በላይ ያለው ፖዘቲቭ ይባላል)። −3 − 4 ስንት ነው ሲባሉ 7 የሚሉ ልጆች አሉ፤ ሲጠየቁም «ኔጌቲቭና ኔጌቲቭ ፖዘቲቭ ነው» ይላሉ። ሕጉ የማባዛትና የማካፈል ነው፤ እነርሱ ግን ሁለት የመቀነስ ምልክት ባዩበት ሁሉ ይጠቀሙበታል። እዚህ ላይ ዱቤ ያድናል። የሱቅ 3 ብር ዕዳ ያለበት ሰው 4 ብር ተጨማሪ በዱቤ ቢወስድ 7 ብር ዕዳ አለበት፤ −7 ማለት ነው። ከ10 ብር ዕዳ ላይ ባለ ሱቁ 6 ብሩን ቢሰርዝለት ደግሞ −10 − (−6) ሆኖ −4 ይቀራል። ዕዳ መቀነስ ገንዘብ እንደመጨመር መሆኑን ልጆች ወዲያው ይረዱታል።

ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ እንደሚሆን ከጠየቀዎት (እንዲጠይቅ እመኛለሁ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው) ይህን ያስጽፉት፦

2 × (−3) = −6
1 × (−3) = −3
0 × (−3) = 0
(−1) × (−3) = ?

በቀኝ በኩል ያለው ቁጥር በየመስመሩ በ3 እየጨመረ ወደ ላይ ይሄዳል። አካሄዱ እንዳይፋለስ ቀጣዩ 3 ሊሆን ግድ ነው።

አሁን ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ጥያቄ በቅርብ እንይ። ባለፈው ዓመት ስምንተኛ ክፍል የነበረችው ልጄ ራት ከተበላ በኋላ በምግብ ጠረጴዛው ላይ 5 − 2(ቀ − 3) = 1 የሚለውን ትሠራ ነበር። እንዲህ ጻፈች፦

5 − 2ቀ − 6 = 1
−1 − 2ቀ = 1
−2ቀ = 2
ቀ = −1

ስሕተቱ የት እንዳለ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ታይቶኛል። «ምልክቱን ተመልከቺ» ለማለት አፌን ከፍቼ መለስኩት። «ጨረስሽ?» አልኳት። «አዎ፣ −1 ነው።» «ልክ መሆኑን እንዴት እናውቃለን?» ፊቷ ጠቆረ፤ ግን −1ን በቀ ቦታ አስገባች። ቅንፉ ውስጥ −1 − 3 ሆነ፤ −4። በ2 ተባዝቶ −8። 5 − (−8) ደግሞ 13። «1 ይላል፤ እኔ 13 አገኘሁ» አለች ዝግ ብላ። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተናገርኩም። በእርሳሱ ጫፍ እያንዳንዱን መስመር እየነካች ወደ ላይ ወጣች፣ አንደኛው መስመር ላይ ቆመች፣ «−2 ሲባዛ በ−3… +6 ነው!» ብላ ላጲሱን አነሣች። 5 − 2ቀ + 6 = 1፣ 11 − 2ቀ = 1፣ 2ቀ = 10፣ ቀ = 5። ሳትጠየቅ 5ን መልሳ አስገባችው፤ 5 − 2 × 2 = 1። ሰዓቱን አይቼ ነበር፤ ከእኔ ዝምታ ጀምሮ ስሕተቱን እስክታገኝ አራት ደቂቃ ፈጅቷል። እኔ ብነግራት አሥር ሰከንድ አይፈጅም ነበር፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ ያንኑ ትደግመው ነበር።

በዚህ ዓይነት ጥያቄ ላይ ሌላም ስሕተት ያጋጥማል፤ ልጁ መጀመሪያ 5 − 2ን ቀንሶ 3(ቀ − 3) ይጽፋል። ማባዛት ከመቀነስ እንደሚቀድም ያስታውሱት።

ሰባተኛ፦ የቃል ጥያቄዎች

እዚህ ላይ ልጁ ወዲያውኑ እኩልታ እንዲጽፍ አይጠይቁት። መጀመሪያ በግምት ይጀምር። ጥያቄው «4 ደብተርና የ20 ብር እስክሪብቶ በ260 ብር ተገዙ፤ የአንዱ ደብተር ዋጋ ስንት ነው?» የሚል ከሆነ «40 ብር ነው እንበል፤ ያስኬዳል?» ይበሉት። 4 × 40 + 20 = 180፤ አነሰ። «50 ቢሆንስ?» 4 × 50 + 20 = 220፤ አሁንም አነሰ። ልጁ ሁለት ሦስት ጊዜ ይህን ሲጽፍ የማይለወጠውን ነገር ያያል፤ ሁልጊዜ 4 ጊዜ አንድ ነገር ሲደመር 20 ነው። በተለዋወጠው ቁጥር ቦታ «ቀ»ን ሲያስቀምጥ 4ቀ + 20 = 260 ራሱ ይወጣል፤ «ቀ»ም 60 ብር ነው። እኩልታው ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ከራሱ ግምት የተገኘ ይሆንለታል።

ከዚያ ፊደሉ የምን ቁጥር እንደሆነ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ «ቀ = የአንድ ደብተር ዋጋ በብር»። «ቀ = ደብተር» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ለምን እንደሆነ የሚከተለው ያሳያል። «በአንድ ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ መምህር 40 ተማሪ አለ» የሚለውን በእኩልታ ጻፍ ቢባል፣ ተ የተማሪዎች ብዛት፣ መ የመምህራን ብዛት ሆኖ፣ ብዙ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ አዋቂዎችም 40ተ = መ ብለው ይጽፋሉ። ቃሉን በቅደም ተከተሉ ገለበጡት እንጂ ቁጥሩን አላሰቡትም። 2 መምህር ቢኖር ተማሪው 80 መሆን አለበት፤ 40ተ = መ ውስጥ 80 ቢገባ 3200 መምህር ይወጣል። ትክክሉ ተ = 40መ ነው።

ጥያቄው በእንግሊዝኛ ከሆነ ለአንድ ነገር ይጠንቀቁ። በእኛ ቋንቋ «ከቀ በ5 የሚያንስ» ስንል ቀ ይቀድማል፤ ሲጻፍም ቀ − 5 ነውና አካሄዱ ይገጥማል። በእንግሊዝኛው ግን 5 ቀድሞ ይነገራል፤ ስለዚህ ልጁ እንደሰማው 5 − ቀ ብሎ ይጽፋል። ወደ አማርኛ መልሶ እንዲናገረው ማድረግ ብቻውን ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል።

ስምንተኛ፦ መልሱን መልሶ ማስገባት

ከላይ ደጋግሜ ስላነሣሁት አላስረዝመውም። እያንዳንዱ የተፈታ እኩልታ ሥር ልጁ የማረጋገጫ መስመር ይጻፍ፤ ያገኘውን ቁጥር በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ እንጂ በመሐል ባለ መስመር ላይ አያስገባ፤ ስሕተቱ ከዚያ መስመር በፊት ተሠርቶ ከሆነ አይታይምና። መልሱ ክፍልፋይ ስለሆነ ብቻ ስሕተት ነው ብሎ እንዳይሰርዘው ይንገሩት። 3ቀ = 10 ከሆነ ቀ 10/3 ነው፤ ሲባዛ በትክክል 10 ይመጣል።

ጥያቄው በስልክ ፎቶ ሲነሣ መልስና አሠራር የሚያሳዩ መተግበሪያዎች አሉ። ልጁ ጨርሶና አረጋግጦ አሠራሩን ለማነጻጸር ቢጠቀምባቸው ጉዳት የለውም። ከመጀመሩ በፊት ከተጠቀመባቸው ግን የቤት ሥራው ተሠራ እንጂ ልጁ አልሠራም።

በውጭ አገር ለሚያሳድጉ

በአሜሪካ «አልጀብራ 1» የሚባለው ትምህርት ባብዛኛው ስምንተኛ ወይም ዘጠነኛ ክፍል ላይ ራሱን ችሎ ይሰጣል። ልጁ በእንግሊዝኛ ያስባል፤ እርስዎ በአማርኛ። ልጁ በሚቀናው ቋንቋ ያስረዳዎት፤ ቁጥሩ ለሁለታችሁም አንድ ስለሆነ መልሶ የማስገባቱ ሥራ በየትኛውም ቋንቋ ይሄዳል። የጽሑፍ ልማድም ይለያያል፤ በጀርመን ለማካፈል ሁለት ነጥብ፣ ለአስርዮሽ ደግሞ ነጠላ ሰረዝ የመሰለ ምልክት ይጠቀማሉ። የልጁን አጻጻፍ «ስሕተት ነው» ከማለትዎ በፊት መምህሩ እንዴት እንደጻፉት ይመልከቱ።

መቼ ይቆማል?

ልጁ በአንድ ጥያቄ ላይ ከ15 ደቂቃ በላይ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ወደሚቀጥለው ይለፍ። ድምፅዎ ከፍ እያለ መሆኑን ካስተዋሉ ያኔ ይነሡ፤ ውኃ ይጠጡ፤ በንዴት የተሠራ አንድ ጥያቄ ለሳምንት የሚተርፍ ጥላቻ ያተርፋል። ሰባት ጥያቄ ታዝዞ አምስቱን አስቦ የሠራ ልጅ ሁለቱን ባዶ ይዞ ቢሄድ ይሻላል፤ መምህሩ ምን እንዳልገባው የሚያውቁት ከባዶው ቦታ ነው።

ባዶውን ግን ዝም ብለው አይተዉት። ልጁ እስከደረሰበት ድረስ ይጻፈው፤ እርስዎም ከሥሩ አጭር ማስታወሻ ያክሉበት። «ጥያቄ 6ን እስከ ሦስተኛው መስመር ራሷ ሠርታለች። መልሱን መልሳ ስታስገባ እንዳልገጠመ አይታለች፤ ቅንፉ ፊት ያለው የመቀነስ ምልክት ላይ ተቸግራለች፤ ቢያዩላት» የሚል ሁለት መስመር ለመምህሩ «አልገባትም» ከሚል ቃል የበለጠ ይነግራቸዋል፤ በማግስቱም ከየት እንደሚጀምሩ ያውቃሉ።